«ፖዘር» የሚለው ስድብ ከየት መጣ? ለማንስ ይገባል?

ጎህ ሲቀድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ቃል አሳስቦኝ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ስኬትቦርድ ጀምሯል፤ ገና ጀማሪ ነው። በቀደም ሰፊ ሱሪውን ለብሶ፣ ቦርዱን ብብቱ ሥር ይዞ የቆመበትን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀ። ከሥሩ ተሰልፈው «ፖዘር» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ወዲህ ቦርዱን አልጋ ሥር ከቶታል። ምን ማለት ነው ስለው «የማይችል፣ የሚያስመስል» አለኝና ዝም አለ።

እኔ «ፖዘኛ» የሚለውን ሰፈር ውስጥ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ቀብረር ብሎ የሚራመደውን፣ ካፌ ውስጥም መነጽሩን የማያወልቀውን ነበር የምንለው። ተብሎ ይሳቃል፣ ያልፋል። ይሄኛው ግን ሲያልፍ አላየሁም። ቃሉ የፈረንሳይ ነው ይላሉ። እንዴት ተነስቶ እዚህ ደረሰ? ዋናው ጥያቄዬ ደግሞ ይሄ ነው፤ ጀማሪን እንዲህ ማለት ልክ ነው? ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ አያስመስልም እንዴ?

የቀለም ቀንድ

ጎህ፣ ጥሩ ጥያቄ አነሳሽ።

በፈረንሳይኛ «ፖዜ» ማስቀመጥ፣ ማኖር ማለት ነው። ሠዓሊ ፊት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥም በዚሁ ቃል ይጠራል። ሰውዬው አገጩን ቀና አድርጎ፣ አንድ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ይቆያል። ሥዕሉ ሲያልቅ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፖዘር የተባለው ማንም ሳይስለው እንደዚያ ተስተካክሎ የሚውል ሰው ነው። እንግሊዞች ቃሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከነአጻጻፉ ወሰዱት። አሜሪካኖች በኋላ ፊደሉን ቀንሰው የራሳቸው አደረጉት። ወንድምሽ ጋ የደረሰው ይሄ የአሜሪካኑ ነው።

ከዘመዶቹ ጋር እንዳይምታታብሽ። «ስኖብ» ከሱ በታች ናቸው የሚላቸውን የሚንቅ ነው። «ፓርቨኑ» ትናንት ሀብት አግኝቶ ዛሬ ከባላባት ጋር ካልተቀመጥኩ የሚል ነው። ፖዘር ድሃም ሊሆን ይችላል። ማንንም ላይንቅ ይችላል። የሚከሰሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውስጡ የሌለውን ውጭው ላይ አሳየ ተብሎ። ክሱን አደገኛ የሚያደርገውም ይሄው ነው። የሰውን ውስጥ ገብቶ ያየ ምስክር ከየት ይመጣል?

ድሬ ከዚራ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከድሬዳዋ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው፤ ሐዲድ ክፍል። ስለዚህ ይሄን ቃል እኔ መጀመሪያ የሰማሁት በስድብነቱ አይደለም።

በፈረንሳይኛ ሐዲድ የሚዘረጋው ሠራተኛ «ፖዘር» ነው የሚባለው። የወለል ንጣፍ የሚሠራውም እንደዚያው። የሥራ ስም ነው፤ ነውር የለበትም። ባቡሩ በ1902 በፈረንጆቹ ድሬ ሲገባ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በዚያ የሶማሌና የአፋር በረሃ ጠሐይ ላይ ብረቱን በትከሻቸው ተሸክመው ያነጠፉት ሁሉ በፈረንሳይኛው አጠራር ፖዘሮች ናቸው። አባቴ ከሰዓት ሲመጣ መዳፉ የተላጠ ነበር። ቃሉ ለኔ እሱን ነው የሚያስታውሰኝ።

ፈረንሳዮች ራሳቸው ዛሬ ታይታ ወዳዱን በብዛት «ማ ቱ ቩ» ነው የሚሉት። «አየኸኝ?» እንደማለት። ነገሩ የመጣው ከተዋንያን ነው። ሲገናኙ «በዚያ ቴአትር ላይ አይተኸኛል?» እያሉ ሲጠያየቁ ሰው ያዘባቸው። የኛ «እዩኝ እዩኝ» ማለት ነው እንግዲህ።

እውነቱ ይነገር

ጋሼ፣ ስለ አባትዎ የጻፉት ልቤን ነካው። በዋናው ነገር ላይ ግን ተቃውሞ አለኝ።

ጎህ፣ በወንድምሽ ላይ የተጻፈው ተገቢ አይደለም፤ እሱን አስቀድሜ ልበል። ቃሉን ግን ለመጣል አትቸኩሉ። ያላነበበውን መጽሐፍ እየጠቀሰ ጉባኤ የሚያውክ አለ። ሁለት ዓመት ውጭ ቆይቶ «አማርኛው ጠፋብኝ» የሚል አለ። ምን እንደሆነ የማያውቀውን ቡና አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «የቤሪ ጣዕም አለው» የሚል አለ። እነዚህን ምን ልንላቸው ነው? ጉረኛ ስንል አይበቃም። ጉረኛ ያለውን አጋንኖ ነው የሚያወራው። አስመሳይ ስንል ደግሞ ይበዛል፤ አስመሳይ ሊያታልል፣ ሊወስድ የመጣ ነው። ፖዘኛ መሃል ላይ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መታየት። ስም ያስፈልገዋል። ስም ከሌለው እውቀት ያለውና የሌለው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ሻይ በሎሚ

«አማርኛው ጠፋብኝ» በሚለው ላይ ብቻ ልናገር። የአክስቴ ልጅ በስድስት ዓመቷ ነው ወደ አሜሪካ የሄደችው። ባለፈው ስትመጣ ቃል እየጠፋባት፣ በእጇ እያሳየች ነበር የምታወራው። «ድስቱ የሚቀመጥበት ክብ ነገር» ትላለች ማቱት ለማለት። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀባት። አንዱ አጎቴ «ፖዟን ተዪ» አላት። ከዚያች ቀን በኋላ እስክትሄድ ድረስ አማርኛ አልተናገረችም። ለኔ ስታወራ እንኳን በእንግሊዝኛ ሆነ። የምትሞክር ልጅ ነበረች።

እውነቱ ይነገር

ሻይ በሎሚ፣ ያ ጭካኔ ነው። እኔ ያልኩት ስለ ሌላ ሰው ነው።

ሻይ በሎሚ

አጎቴም ስለ ሌላ ሰው ያለ ይመስለው ነበር። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ያ ነው ችግሩ።

የቀለም ቀንድ

ሻይ በሎሚ ያነሳሽው ነገር ፍርድ ቤት ድረስ የሄደበት ታሪክ አለ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1880 አካባቢ ለንደን ውስጥ ውበትን ከሁሉ በላይ የሚያደርጉ ወጣቶች ተነሱ። ሰማያዊ የሸክላ ሳህን ይሰበስባሉ። ስለ አበባ በለሆሳስ ያወራሉ። ከነሱ ሁሉ ስሙ የገነነው በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው ኦስካር ዋይልድ ነው፤ የደብሊን ልጅ፣ ከኦክስፎርድ የወጣ፣ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ከፋይ ኮትና ጉልበት ላይ የሚያልቅ ሱሪ የሚለብስ። ያኔ ገና የረባ ሥራ አልነበረውም። «ፓንች» የተባለው የቀልድ መጽሔት ላይ ጆርጅ ዱ ሞሪዬ የተባለ ሠዓሊ ደጋግሞ አላገጠባቸው። ይሄ ሠዓሊ ራሱ ፓሪስ የተወለደ ነው። በ1881 ደግሞ የሙዚቃ ቴአትር ደራሲዎቹ ጊልበርትና ሱሊቫን «ፔሸንስ» የሚል ሙሉ የመድረክ ሥራ ሠሩባቸው። እዚያ ላይ ገጣሚው ብቻውን መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ይሄ ሁሉ አድናቆት ለማግኘት የማደርገው ማስመሰል ነው ብሎ ለተመልካቹ ይናዘዛል። ፖዘር ከዚህ በላይ ተስሎ አያውቅም።

ሥራው አሜሪካ ሊታይ ሆነ። አሜሪካኖች ግን የሚቀለድበትን ሰው አያውቁትም። ስለዚህ አዘጋጁ ዶይሊ ካርት ዋይልድን ራሱን ንግግር እንዲያደርግ ላከው። በ1882 መጀመሪያ ላይ ቦስተን ደረሰ። ስድሳ የሚያህሉ የሃርቫርድ ተማሪዎች ሊያዋርዱት ተዘጋጁ። እንደሱ አጭር ሱሪ ለብሰው፣ ሱፍ አበባ በእጃቸው ይዘው፣ ተሰልፈው ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ወሬው ለዋይልድ ቀድሞ ደርሶት ነበር። ማንም ጨዋ ሰው የሚለብሰውን የማታ ልብስ ለብሶ ወጣ፤ ፈገግ ብሎም አያቸው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተውበው የተገኙት ከሳሾቹ ብቻ ሆኑ። ከዚያ ኮሎራዶ ድረስ ሄዶ ማዕድን ቆፋሪዎች ጉድጓድ ወርዷል፤ ውስኪ አብሯቸው ጠጥቷል፤ ወደዱትም።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1895 የኲንስበሪው ማርኪስ የሚባል መኳንንት ዋይልድ አባል ወደሆነበት ክለብ ሄዶ ለበረኛው አንድ የጉብኝት ካርድ ሰጠ። ልጁ የዋይልድ ወዳጅ ነበርና በንዴት ተቃጥሏል። ካርዱ ላይ የጻፈው «ሰዶማዊ መስሎ ለሚታየው ለኦስካር ዋይልድ» የሚል ነበር። ፊደሉን እንኳን አሳስቶታል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። «ነው» አላለም። የጻፈው እንግሊዝኛ ያው ከ«ፖዜ» የመጣው ቃል ነው።

ዋይልድ ስሜን አጠፋ ብሎ ከሰሰ። የማርኪሱ ጠበቃ ኤድዋርድ ካርሰን ደብሊን ውስጥ ትሪኒቲ ኮሌጅ አብሮት የተማረ ሰው ነው። ካርዱ «መስሎ የሚታይ» ስለሚል፣ ካርሰን ማስረዳት ያለበት መምሰሉን ብቻ ሆነ። መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ስለዚህ የዋይልድን ጽሑፎች፣ ደብዳቤዎች፣ አነጋገሩን ሁሉ እያወጣ ጠየቀው። ዋይልድም መጀመሪያ ላይ ችሎቱን እያሳቀ መለሰ፤ መድረክ ላይ ያለ ይመስል። በኋላ ካርሰን ምስክሮች አሉኝ ሲል፣ ኤፕሪል 5 ዋይልድ ክሱን ተወ። ነገሩ ግን በራሱ ላይ ዞሮ ያን ዕለት ማታ ታሰረ። ሜይ 25 የወንድ ከወንድ ግንኙነትን በሚከለክለው የዘመኑ ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ ሁለት ዓመት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት። ከተፈታ በኋላ ፓሪስ ሄደ፤ በ1900 እዚያው ሞተ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ጎህ የጠየቀችው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ሳስብ ሁልጊዜ ያ ካርድ ይታየኛል። መምሰል ብቻውን ክስ ከሆነ፣ ተከሳሹ በምን ይከላከላል?

ማዶ ሰፈር

የኔ አስተያየት አጭር ነው። እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ይላል። ዋይልድም ያለ ጸጉርና ያለ አበባ መጻፍ ይችል ነበር።

ጎህ ሲቀድ

ማዶ ሰፈር፣ ይሄን አልቀበልም። ሰው በለበሰው ልብስ ወይም በያዘው አበባ ሁለት ዓመት ታስሮ ይገባዋል ልንል ነው? ያን ተረት ስንተርት ሁልጊዜ ጥፋተኛው የታየው ነው። ያየውስ?

የቀለም ቀንድ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። የሃርቫርዱን ነገር ለወንድሜ አነበብኩለት። «ከዚያስ?» እያለ ነው የሰማኝ።

ለንደን ጭጋግ

ሰላም፣ እኔ ከለንደን ነኝ። ጎህ እዚህ ከተማ ውስጥ ይሄ ቃል ሁለተኛ ሕይወት ያገኘበትን ጊዜ ልንገርሽ። ወንድምሽን የሚመለከተው እሱ ይመስለኛል።

በ1976 በፈረንጆቹ ፓንክ የሚባለው ሙዚቃ እዚህ ፈነዳ። ኪንግስ ሮድ ላይ ቁጥር 430 የቪቪየን ዌስትውድና የማልኮም ማክላረን ሱቅ ነበር። የተቀደደ ሸሚዝ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የጎማ ልብስ ይሸጡበታል። መጀመሪያ የሚለብሱት ጥቂት ነበሩ፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 1 ሴክስ ፒስቶልስ የሚባሉት የፓንክ ባንድ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ሲሳደቡ አገር ሁሉ ስለ ፓንክ አወራ። በማግሥቱ ጋዜጣው ሁሉ እሱ ሆነ። ከዚያማ በየከተማው ልጁ ሁሉ ሸሚዙን መቅደድ ጀመረ። በ1977 ዛንድራ ሮድስ የምትባል ታዋቂ የፋሽን ዲዛይነር በወርቅ መርፌ ቁልፍ የተያያዘ ቀሚስ አወጣች፤ ለሀብታም። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ተናደዱ። «እኛ ነን እውነተኞቹ፣ እናንተ ፖዘሮች ናችሁ» ማለት ያኔ ነው የበዛው።

አሁን የምወዳት ልጅ ልትመጣ ነው። ስሟ ፖሊ ስታይሪን ይባላል። ትክክለኛ ስሟ ማሪያን ኤሊዮት-ሰኢድ ነው። አባቷ ሶማሌ ነው፤ እናቷ እንግሊዝ አገር የምትኖር ነጭ። ብሪክስተን ነው ያደገችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ኤክስ-ሬይ ስፔክስ የሚባል ባንድ አቋቋመች። ጥርሷ ላይ የማስተካከያ ሽቦ አለ። ከልብስ መደብር የማይመጣ ደማቅ ፕላስቲክ ነገር ትለብሳለች። ስሟን እንኳን የመረጠችው ከፕላስቲክ ነው። በ1978 ባወጡት አልበም ላይ «እኔ ፖዘር ነኝ» የሚል ዘፈን አለ። ጮኻ ነው የምትዘፍነው።

ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በዚያ ቡድን ውስጥ ነጭ ያልሆነች፣ ቀጭን ያልሆነች፣ ሽቦ ጥርስ ያላት ልጅ እሷ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። «አንቺ ከኛ አይደለሽም» ለማለት ለሁሉም ቀላል ነበር። እሷ ግን ቃሉን ከእጃቸው ቀድማ ወሰደች። አዎ፣ እየታየሁ ነው፤ መታየት ነው የመጣሁበት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ልትሉ ነው? ዛሬ እነዚያን «እውነተኛ» ነን ባዮች ማንም አያስታውስም። በ2011 ስታርፍ ጋዜጦች ሁሉ ስለሷ ጻፉ።

እውነቱ ይነገር

ለንደን ጭጋግ፣ ጥሩ ነው። ግን የሷ መልስ ለሷ ብቻ ነው የሚሠራው። ተሰጥኦ ነበራት። ድምጿን ለሰማ ሰው ክርክር የለም። ተሰጥኦ የሌለው ሰው «አዎ ፖዘር ነኝ» ቢል ፖዘር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለንደን ጭጋግ

ተሰጥኦ እንዳላት ያወቅነው መድረክ ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ከመውጣቷ በፊት ሽቦ ጥርስ ያላት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ያኔ «ፖዘር» ብለን ብናስቆማት ኖሮ አንተም ትክክል ነበርኩ ብለህ ትቀመጥ ነበር። ማስረጃው ሳይመጣ ነው ፍርዱ የሚሰጠው።

አራት ጎማ

ወገኖች፣ እኔ ስኬተር ነኝ፤ አዲስ አበባ። ጎህ፣ ወንድምሽ ላይ የተጻፈውን ሳነብ አልተገረምኩም። እዚህ ያለን ሁላችንም ተብለናል።

በስኬትቦርድ ዓለም ቃሉ ለምን እንደከረረ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ስኬትቦርድ ተባርሮ የኖረ ነገር ነው። ፖሊስ ያባርርሃል፣ ጥበቃ ያባርርሃል፣ ቦርድህን ይነጥቁሃል። አስፋልት ላይ ወድቀህ ክንድህ ይላጣል። ያን ሁሉ ችለው የቆዩት ሰዎች አንድ ቀን ልብሳቸው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አዩት። ሳን ፍራንሲስኮ «ትራሸር» የሚባል መጽሔት አለ፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣ። የሱ ስም የታተመበት ቲሸርት ድንገት ፋሽን ሆነ። ዘፋኞች ለበሱት፤ ቦርድ ነክተው የማያውቁ ሞዴሎች ለበሱት። በ2016 የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ የነበረው ጄክ ፌልፕስ በግልጽ ተናገረ። ለሪሃናና ለጀስቲን ቢበር ልብስ የሚልክ እኛ አይደለንም፤ እውነተኛው ነገር ያለው አስፋልቱ ላይ ነው፤ ደምና ቁስል ነው አለ። ስሜቱ ይገባኛል። የወደደውን ነገር ሰው ሲነግድበት አየ።

ግን አንድ የሚረሱት ነገር አለ። ስኬትቦርድ ራሱ የተወለደው በማስመሰል ነው። በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያ ሰርፈሮች፣ ማለትም በጣውላ ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱት፣ ባሕሩ ጸጥ ሲልባቸው ጣውላ ላይ ጎማ አድርገው አስፋልቱን እንደ ሞገድ መንሸራተት ጀመሩ። ባዶ እግራቸውን፣ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ሞገድ የለም፤ ውሃ የለም። ባሕር ላይ ያሉ እየመሰሉ ነበር። ከዚያ ማስመሰል ነው ይሄ ሁሉ የወጣው፤ ኦሎምፒክ እስኪገባ ድረስ።

እኛም ጋ ቢሆን ያው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በጎ ፈቃደኞች የስኬትቦርድ ፓርክ ሠሩ፤ በነጻ ነው የምንጠቀመው። ከዚያ በፊት የነበሩት ልጆች አንድ ቦርድ ለብዙ ሰው እየተዋሱ መንገድ ላይ ነበር የሚማሩት። መጀመሪያ የሚማሩት ከቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ላይ ያለውን አቋቋም፣ አለባበስ፣ የኮፍያ አደራረግ ሁሉ ይቀዳሉ። ትሪኩ አይመጣም፤ አቋቋሙ ግን ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ አቋቋም ብቻ ነው ያለው። ከዚያ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይሄዳል። ማን እንደሚቀር ከቪዲዮ አይታወቅም።

ድሬ ከዚራ

አራት ጎማ ልጄ፣ ጥሩ ተናገርክ። እኛም ድሬ ውስጥ ከምድር ባቡር ፈረንሳዮች ጋር ስናድግ «ቦንዡር፣ ሳቫ» ከማለት ነው የጀመርነው። ትርጉሙ ሳይገባን ድምፁን ነበር የያዝነው፤ ትከሻ አነቃነቁንም ጭምር። ትልልቆቹ ይገስጹን ነበር። ከመሃላችን ግን ፈረንሳይኛ አስተማሪ የሆኑ ወጥተዋል።

እውነቱ ይነገር

እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አራት ጎማ፣ እናንተ ሜዳ ላይ ልዩነቱን አታዩም? እውነቱን ተናገር። ለፎቶ ብቻ የሚመጣ የለም?

አራት ጎማ

አለ። ይመጣል፣ ቦርድ ይዋሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ማንንም አልጎዳም። እኔ አልሰድበውም። ቦርዴን ግን ስጠቀምበት ከሆነ አላውሰውም፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ልዩነቱ የሚታየው ጫማ ላይ ነው። ቦርዱ ከላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ኦሊ ስትማር፣ ማለትም ከነቦርዱ ስትዘል፣ የፊት እግርህን ጎን እያሻሸህ ነው ቦርዱን የምታነሳው። ትንሿ ጣት አካባቢ ጫማው ይበላል። መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ ከዚያ ይቀደዳል፤ ካልሲው ይታያል። የጫማው ማሰሪያም እዚያው ጋ ደጋግሞ ይበጠሳል። ሜዳ ላይ አዲስ ልጅ ሲመጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ደግሞ ንጹሕ ጫማ ካየሁ «ፖዘር» አልልም፤ «ገና ነው» ነው የምለው። ገና የሆነን ሰው ታስተምረዋለህ።

የሚገርማችሁ፣ ኮሜንት ላይ «ፖዘር» የሚሉት አብዛኞቹ ጎበዞቹ አይደሉም። ጎበዞቹ ስልክ አያዩም፤ ሜዳ ላይ ናቸው። የሚሉት ባለፈው ዓመት የተባሉት ናቸው።

እውነቱ ይነገር

ያ የመጨረሻው ልክ ነው። እኔ ቃሉን እይዘዋለሁ፤ የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ ሌላውን ለሚያስተምረው፣ ወንበር ለሚይዘው። ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት ለሚያዘው ግን ሕግ እንጂ ቃል አይበቃም። ለጀማሪ፣ ለልጅ፣ ለሚማር ሰው አልጠቀምበትም። ሻይ በሎሚ፣ ለአክስትሽ ልጅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አማርኛዋን ትቀጥል።

ሻይ በሎሚ

አደርስልሃለሁ። በድምፅ መልእክት ብትልክላት ደስ ይላታል፤ ቀስ ብለህ ከተናገርክ ይገባታል።

ማዶ ሰፈር

እኔ አሁንም ልከኛ መሆን ይሻላል ባይ ነኝ። ቪዲዮውን ከመልቀቁ በፊት ሁለት ሦስት ወር ቢለማመድ ምን ነበረበት?

ለንደን ጭጋግ

ማዶ ሰፈር፣ ልጁ የለቀቀው ደስ ስላለው ነው። አዲስ ቦርድ አግኝቶ ደስ ያለው ልጅ «ችያለሁ» አላለም፤ ቦርዱን ብብቱ ሥር ይዞ ነው የቆመው። ደስታን ለማሳየት ፈተና ማለፍ የለበትም።

ጎህ ሲቀድ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረን አነበብነው። የጫማውን ነገር ሲሰማ ተነስቶ ጫማውን አየ። ትንሽ ነጥቷል፤ በቀኝ በኩል። አራት ጎማ፣ ቅዳሜ ላመጣው አስቤያለሁ። በስንት ሰዓት ብንመጣ ይሻላል? አዲስ ጫማስ ልግዛለት? እኛ ቤት ያለው የሸራ ነው።

አራት ጎማ

ጠዋት ኑ። ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሜዳው ባዶ ነው፤ ጀማሪ የሚመጣው ያኔ ነው። ከሰዓት ትልልቆቹ ይበዛሉ፤ ፍጥነታቸውም ያስፈራዋል።

ጫማ አሁን አትግዢ። ሸራው ቶሎ ይቀደዳል፤ ግን እስኪቀደድ ይማርበት። ሲቀደድ ቆዳ ጫማ ይሻለዋል፤ ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ፤ የሩጫ ጫማ አይሆንም። ቦርዱ ጎማው በነጻ መዞሩን እይ። አልጋ ሥር ከቆየ አቧራ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ጋ መፍቻ አለ፣ እንከፍተዋለን። መጀመሪያ የማስተምረው አወዳደቅ ነው፤ በእጅ መዳፍ ሳይሆን ተጠቅልሎ በትከሻ። የእጅ አንጓ የሚሰበረው በመዳፍ ሲወደቅ ነው።

ሄልሜት ግን ዛሬውኑ ፈልጊለት። የብስክሌት ቢሆንም ለጊዜው ይሠራል።